የተማርኩትና የተያዘልኝ

የሬጅስትራሩ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሴት ክፉ ሰው አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በዚያ ሰሞን ስለ እሷ ያላልኩት ነገር ስላልነበረ ነው። ትራንስክሪፕቴን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየነካካች አነበበችና ቀና ብላ፣ "እነዚህን ወስደሻቸዋል፤ ግን አልተያዙልሽም" አለችኝ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። መውሰድና መያዝ እንደሚለያይ ነገረችኝ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ስለነበረ ገባኝ ብዬ ወጣሁ። ምንም አልገባኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። ስለዚህ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ባለ የግል ኮሌጅ ሁለት ዓመት አካውንቲንግ ተማርኩና በዲፕሎማ ተመረቅኩ። ከዚያ ዊንጌት አካባቢ ባለ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ሚስማርና ሲሚንቶ ስመዘግብ ኖሬ፣ አንድ ቀን የሒሳብ ሹሙ ሥራውን ሲለቅ ቦታው ለእኔ ይገባ ነበር። ዲግሪ ያስፈልጋል ተባለ። እልህ ያዘኝና እዚያው ሰፈራችን ቁልቁል ካለው ዩኒቨርሲቲ ቅዳሜና እሑድ ለመማር አመለከትኩ።

አብራኝ የምትሠራ ልጅ ዲፕሎማ ያለው ሰው ከሦስተኛ ዓመት ነው የሚጀምረው አለችኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የማያምን ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አምኜ ለአባቴ፣ "ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚቀረኝ" አልኩት።

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራ ሰው ነው። ትምህርት ያቆመው ከአራተኛ ክፍል ነው። እኔ ኮሌጅ ስገባ ያለቀሰው እሱ ነው፤ ስመረቅም ያለቀሰው እሱ ነው። ሁለት ዓመት የሚለውን ከሰማ በኋላ በሳምንት ውስጥ ያልሰማ ሰው አልቀረም። ሥራ ቤቱ አብረውት የሚውሉት ሰዎች ሰሙ፣ ነጠላ የሚያስረክባቸው ነጋዴዎች ሰሙ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች ሰሙ። መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ ሰው ሁሉ "ሁለት ቀረሽ አሉ" ይለኝ ጀመር። እኔም ሳቅ ብዬ አዎ እል ነበር።

ከዚያ ነው የመስኮቷ ሴት አልተያዙልሽም ያለችኝ። ለካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የትኛውንም ሙያ የሚማር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚወስዳቸው የጋራ ትምህርቶች አሉ። እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሒሳብ፣ ኢኮኖሚክስ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ኮሌጅ የተማርኳቸው ከእነዚህ ጋር ይመሳሰላሉ ከተባለ ይያዙልኛል፤ አይመሳሰሉም ከተባለ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጬ እንደገና እማራቸዋለሁ። ሁሉም ከተያዘልኝ ሁለት ዓመት፣ ምንም ካልተያዘልኝ አራት ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ ለአባቴ የሰጠሁት ቃል አንድ ቅጽ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ስንት ናቸው ብዬ ጠየቅኩ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስምንት ይላል። አንድ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ሰሌዳው ያረጀ ነው፣ አሁን ሰባት ናቸው አለኝ። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ደግሞ ዘጠኝ ናቸው አለችኝና ቆጥራ አሳየችኝ። ዘጠነኛው ስፖርት ነበር።

ስፖርቱን መቼም አልረሳውም። ክሬዲቱ ዜሮ ነው። ለጸሐፊዋ ዜሮ ከሆነ ለምን እወስደዋለሁ አልኳት። ካልወሰድሽ አትመረቂም አለችኝ። ብወስደውስ ምን ይጨምርልኛል ብላት ምንም አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ዓይኗን አየሁት፤ አትቀልድም። አካውንታንት ነኝ፣ ዜሮ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው የሚያቆም ዜሮ ግን እዚያ ነው ያየሁት።

ቅጹን ተቀበልኩ። ሦስት ሳጥን አለው። መጀመሪያ የተማርኩበት ኮሌጅ ዲን ይህን አስተምረናታል ብሎ ይፈርማል፣ ማህተም ያደርጋል። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ክፍል ኃላፊ ይህ ከእኛ ጋር ይመሳሰላል፣ ይህ አይመሳሰልም ብሎ ይፈርማል። በመጨረሻ የመስኮቷ ሴት ፈርማ ማህተም ስትመታበት ነገሩ ያልቃል። ጊዜው እስከ ሰኞ ነው።

ኮሌጄን ፍለጋ ብሄድ ሕንፃው የለም። መንገዱ ሲሰፋ ፈርሶ ቦታው ላይ አበባና አግዳሚ ወንበር ተተክሏል። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ቢስቀኝም ውስጤ ደንግጧል፤ የተማርኩበት ቤት ራሱ ምስክር መሆን አልቻለም። ከብዙ ስልክ በኋላ ዊንጌት፣ እኔ ከምሠራበት መደብር የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ዳቦ ቤት በላይ መግባታቸውን ሰማሁ። ከገቡ ስድስት ወር ሆኗቸዋል፤ ያን ሁሉ ጊዜ በበሩ አልፌያለሁ። ዲኑ ድሮ ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እኔን አላስታወሱኝም፤ ግን ትምህርታቸው ከዩኒቨርሲቲው ጋር አይመሳሰልም ሊባል ይችላል ስላቸው ተናደዱና ማህተሙን ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ መቱት።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዓርብ ከሰዓት ተቀበለኝ። ወጣት ነው፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፣ ሻዩ ፊቱ ቀዝቅዟል። የእኔን የትምህርት ዝርዝርና የእነሱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያነጻጽር ጀመር። እንግሊዝኛው ተያዘ። ኢኮኖሚክሱ ተያዘ። ሒሳቡ ላይ ሲደርስ የእናንተ ወለድ ማስላት ነው፣ የእኛ ሌላ ነው ብሎ ሰረዘው። ኮምፒውተሩ አርጅቷል ብሎ ሰረዘው። ሎጂኩን ኮሌጁ በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው የሰጠሽ፣ የእኛ ሦስት ሰዓት ነው አለና እሱንም ሰረዘው። በሁለት ሰዓት የተማርኩት ሎጂክ ይህ ነገር ትክክል አይደለም ይለኝ ነበር፤ ምናልባት ያቺ ሦስተኛዋ ሰዓት ላይ ነው ትክክል የሚሆነው።

ከስምንቱ አምስቱ ተያዙልኝ። የተሰረዙትን ከአንደኛ ዓመት ልጆች ጋር በዓመት አንዴ ሲሰጡ እየጠበቅኩ እንደምወስድ፣ ሒሳቡን ሳላልፍ ደግሞ ቀጣዩን ዋና ትምህርት መጀመር እንደማልችል ነገረኝ። ታክሲ ውስጥ በጣቴ ደጋግሜ ቆጠርኩት። ሦስት ዓመት ነው። ከየትም በኩል ብነሳ ሦስት ነው።

ቤት ስገባ አባቴ በር ላይ ጠበቀኝ። እንዴት ሆነ አለኝ። ሁለት ተፈርሟል፣ አንድ ቀርቷል አልኩት፤ ይህ እውነት ነው። ሁለት ዓመቱ እንዳለ ነው አይደል አለኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ አዎ አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ እስካሁን በደንብ አላውቀውም። ምናልባት እኔ ራሴ ያልገባኝን ነገር ለእሱ ማስረዳት ስለደከመኝ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ፊቱን ስላየሁት ነው።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ክረምት ነበረ፣ ጣራችን ደግሞ አንድ ጥግ ላይ ያንጠባጥባል። እኔ ሥራ ውዬ ማምሻውን ስገባ አባቴ ፈገግ ብሎ ቅጹን ሰጠኝ። ያብረቀርቃል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ላሚኔት አስደርጎታል።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ወረቀት ያምናል። የሚያምነው ወረቀት ደግሞ ውሃ እንዲነካው አይፈልግም። የእሱ መታወቂያ ላሚኔት ነው። የእናቴ የጋብቻ ወረቀት ላሚኔት ነው። የእኔ የክትባት ካርድ፣ የእድሩ ደንብ፣ የውሃ ቆጣሪ ውል፣ ሁሉም ላሚኔት ናቸው። ቤታችን ውስጥ ላሚኔት ያልተደረግነው እኛ ብቻ ነን። እናቴ ካረፈች በኋላ ደግሞ ነገሩ ባሰበት፤ የያዘው ነገር ሁሉ እንዳይበላሽበት ይሰጋል። እና ያ ቅጽ፣ ሁለት ፊርማና ሁለት ማህተም ያለበት፣ ሦስተኛው ሳጥን ባዶ የሆነው ቅጽ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ እጄ ላይ አረፈ።

ጮህኩበት። በሕይወቴ በእሱ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ማን ንካ አለህ አልኩት፣ ገና አላለቀም እኮ አልኩት፣ ሌላም ብዙ አልኩት። እሱ "ዝናብ እንዳይነካው ብዬ ነው" አለ። አሁን ሳስበው ያስለቀሰኛል። ያን ጊዜ ግን በሩን ዘግቼ ተኛሁ። እሑድን ሁለታችንም ሳንነጋገር ዋልን።

ሰኞ ጠዋት መስኮቷ ላይ አንደኛ ነበርኩ። ሴትየዋ ቅጹን አገላብጣ አየችው። ላሚኔት የሆነ ሰነድ አንቀበልም አለች። ለመንኳት። አዘነችልኝና ለመሞከር ያህል ማህተሙን ፕላስቲኩ ላይ መታችው። በጣቷ ስትነካው ተጠርጎ ወጣ። ሁለታችንም ጣቷን አየነው። ፊርማዎቹ ከሥር በግልጽ ይነበባሉ፣ እውነት መሆናቸውን እሷም አልካደችም፤ ግን ወረቀቱ ከእንግዲህ ወረቀት አይደለም። ልትቀደው ብትሞክር ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር ይላጣል። አዲስ ቅጽ ወስጄ ሁሉንም ፊርማ ከዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት ማምጣት አለብኝ፤ አለበለዚያ ምንም አይያዝም፣ ከዜሮ ነው የምጀምረው።

ዲኑ ጋ ደወልኩ፤ እስከ ስምንት ሰዓት ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አባቴ ደወለ። በደህና ቃል አልመለስኩለትም፤ ወረቀትህ ማህተም አልያዘም አልኩት። ቆዪ ብሎ ዘጋው።

አባቴ በአንድ ወቅት መታወቂያው ጠፍቶበት ነበር። ቀበሌ ሲሄድ ሦስት ምስክር አምጣ አሉት፤ የሚያውቁት ሰዎች ሄደው ይህ ሰው እሱ ነው ብለው ፈረሙለትና አዲስ ተሰጠው። ለእሱ የመንግሥት ሥራ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ወረቀት ሲያቅተው ሰው ይናገራል። ይህን ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። ሰባት ሰዓት ላይ ቀና ስል ሦስት የእድር ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው በግቢው መሐል ይመጣሉ። አባቴ ከኋላቸው ነው፤ የክት ኮቱን ለብሷል። ሣሩ ላይ የተቀመጡ ተማሪዎች መንገድ ለቀቁላቸው። አንዷ ልጅ ለጓደኛዋ ሬጅስትራር ውስጥ የሚታጭ ሰው አለ መሰለኝ ስትል ሰማኋት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

የመስኮቷ ሴት ከምሳ ስትመለስ ሦስቱ ቆመው ጠበቋት። ስታያቸው እሷም በሩን ከፍታ ወጣችና ዝቅ ብላ ሰላም አለቻቸው። የእድሩ ሊቀ መንበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ይህች ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተሯን ይዛ ስትመላለስ ያየናት እኛ ነን። ክረምት በጋ አላለችም። አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው። ወረቀቱ አልያዝ ካለ እኛ እንፈርማለን።"

ሌሎቹ ሁለቱ እውነት ነው፣ እንፈርማለን አሉ። አንደኛው መነጽራቸውን አውጥተው ጨርሰዋል።

ሴትየዋ መማሯን አልካድኩም አባቶቼ አለች፤ ግን መማርና መያዝ ልትላቸው ጀምራ ተወችው። ሰዎቹ ሲያዩዋት እሷም ነገሩ የጠፋባት መሰለኝ። በዚያ ሁሉ ቀን ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው። ገብታ አዲስ ቅጽ አመጣችልኝና እስከ አሥራ አንድ ተኩል ልትጠብቀኝ እንደምትችል ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዛሬ ቶሎ እንደሚወጣ ሹክ አለችኝ።

አባቴ ይህን ሰማ። እሱን ለእኛ ተይው አለኝ።

እኔ ዊንጌት ሄድኩ። ታክሲው ሰው እስኪሞላ ቆመ፣ መንገዱ ተዘጋጋ፣ ዲኑ ከስብሰባ ወጥተው ምሳ ሄደዋል ተባልኩ፣ መጡ። ያንኑ ማህተም በዚያው ንዴት ደግመው መቱልኝ። ስመለስ አሥር ሰዓት አልፏል። ወደ ኃላፊው ቢሮ ስሮጥ ሦስቱ ሽማግሌዎች በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። በኋላ እንደነገሩኝ ሰውየው ሁለት ጊዜ ቦርሳውን ይዞ ሊወጣ ሞክሯል። በወጣ ቁጥር ሦስቱም ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሥተው፣ እጅ ነሥተው፣ ስለ እናት አባቱ ጤና ጠይቀውታል። የሚያልፍበት መንገድ የለም፤ ተመልሶ ገብቶ ተቀምጧል። ስገባ አላናገረኝም። የዓርቡን አንድ በአንድ ገለበጠና፣ አምስቱን ይዞ ሦስቱን ሰርዞ ፈረመ። ምናልባት ሽማግሌዎቹን አይቶ አንዷን ይጨምርልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አልጨመረም።

ሁላችንም ወደ መስኮቱ ሄድን። እዚያ ስደርስ ነው ሦስት ዓመት መሆኑን ሁሉም ሊሰሙ እንደሆነ የገባኝ። ብቻዬን ልግባ አልኳቸው፤ እስከዚህ መጥተንማ አሉኝ። ሴትየዋ ፈረመች። ማህተሙን መታች፤ ያዘ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ለማክበር ብላ፣ ደግ መሥራቷ ነው፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው።

"ከስምንቱ አምስቱ ተይዘውላታል። ሦስቱን ከአንደኛ ዓመት ጋር ትወስዳለች፣ ስፖርትም አለባት። እንግዲህ ሦስት ዓመት ነው የሚቀራት።"

ሊቀ መንበሩ ወደ አባቴ ዞሩ። "ሁለት አልነበር ያልከን?"

አባቴ አየኝ። ብዙ አላየኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዓርብ በር ላይ አዎ ያልኩትን ሲያስታውስ አየሁት። ፊቴን ማዞር አልቻልኩም። እሱ ሰው ፊት ውሸት ተናግሮ አያውቅም፤ የሚታወቅበትም በዚያ ነው፣ ሰው ሲጣላ ለምስክርነት የሚጠራው ለዚያ ነው። አሁን ደግሞ ከፊቱ የቆሙት እሱ ራሱ ለእውነት ብሎ ያመጣቸው ሦስት ሰዎች ናቸው።

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አላቸው። "እሷ ከመጀመሪያው ሦስት ብላኛለች። ሁለት ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ።"

ሦስቱም ሳቁ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስለጠበቁና ነገሩም ስላለቀ ሳቃቸው ብዙ ነበር። ደረጃውን እየወረድን ሊቀ መንበሩ ትከሻውን መታ እያደረጉ ድር ሲቆጥር የሚውል ሰው እንዴት እስከ ሦስት መቁጠር ያቅተዋል አሉት፤ ሌላኛው ከዛሬ ጀምሮ የሠራውን ጋቢ ክሩን ቆጥሬ ነው የምቀበለው አሉ። ለሸማ ሠሪ ከዚህ የከፋ ቀልድ የለም። እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ይህንኑ እየደጋገሙ ሄዱ፤ በኋላም ሥራ ቤቱ ድረስ ደርሶ ክረምቱን ሙሉ ሲቀለድበት ከረመ።

ልናገር አፌን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ነበር። አባቴ አብሯቸው ይስቅ ነበር። ዘጋሁት።